መጀመሪያ በሩን ክፈቱ



አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስለ ጸሎት፣ ስለ ቃሉና ስለ ቅድስና ሕይወት ነው። ዛሬ ግን ስለ ከሰል፣ ስለ ጀሪካን፣ ስለ ጨውና ስለ ጓሮ ጎመን ልንጽፍላችሁ ተነሥተናል። «መጋቢ ምን ነካቸው?» የምትሉ አትጠፉም። ግድ የላችሁም፣ እስከ መጨረሻው ታገሡን። ይህን የምንጽፈው አዋቂዎች ስለሆንን ሳይሆን ባለማወቃችን ሰው ልንገድል ጥቂት ስለቀረን ነው።

እኔና ባለቤቴ ከዓመታት በፊት በደብረ ብርሃን እናገለግል ነበር። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። በዚያ ዓመት በጳጉሜን፣ አሮጌውን ዓመት በጸሎት እንሸኝ ብለን በቤት ኅብረታችን የአዳር ጸሎት ያዝን። ቦታው የአንድ ወጣት ባልና ሚስት የኪራይ ቤት ነበር፤ ሁለት ጠባብ ክፍሎች፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። ሚስትየው የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እኛ ከሕፃናቱ ጋር አሥራ አራት ያህል እንሆናለን።

ቡናውን የምታፈላልን ከገጠር መጥታ በሰው ቤት እየሠራች ማታ ማታ የምትማር አንዲት ወጣት እህት ነበረች። ቡናው ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ ከሰሉ አልወጣም። «ይሞቀናል፣ እዚያው ይሁን» አልን። እሷም እንደ ልማዷ ከምድጃው አጠገብ በርጩማዋ ላይ ቀረች። መስኮቱን ዘግተን በጨርቅ ወተፍነው። አንደኛው ምክንያት ብርዱ ነው። ሁለተኛው ግን ድምፃችን ነበር። አከራያችን እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በጸሎት ጩኸታችን ሁለት ጊዜ ቅር ተሰኝተው ስለ ነበር እንዳናስቀይማቸው ብለን በሩንም በጋቢ ሸፈንነው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ያቺ እህት ራሷን ያዘች። ከዚያ አስመለሳት። ከዚያ ተዝለፍልፋ ወደቀችና የማይገባ ነገር ትለፈልፍ ጀመር። እኛስ ምን አደረግን? አብረን ተነሥተን እጅ ጫንንባት። ርኩስ መንፈስ መስሎን መገሠጽ ጀመርን። ድምፃችን ከፍ ባለ ቁጥር እሷ ይበልጥ ትደክማለች፤ እኛም «እየለቀቃት ነው» እንላለን። ሌሎች ሁለት ሰዎች ራሳችንን አመመን ሲሉ «ጠላት እየተዋጋን ነው፣ በርቱ» አልናቸው። ነፍሰ ጡሯ ጥግ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ጸሎት ያደከማት መስሎን ማንም አልቀሰቀሳትም።

በሩ በኃይል ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ በጩኸቱ ተቆጥተው ነው የመጡት። በሩን ገፋ አድርገው ገቡ፤ ልጅቷን አዩ፤ ከአጠገቧ ያለውን ምድጃ አዩ። አንድ ቃል ሳይጨምሩ ምድጃውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ወደ ደጅ ወጡና፣ «ምን ነካችሁ ልጆቼ! ከሰል እኮ ነው ያፈናት! አውጧት! ሁላችሁም ውጡ!» አሉ።

ወጣን። ግቢው ውስጥ፣ በዚያ በሚቆረጥም ብርድ፣ ልጅቷን ጋቢ ላይ አስተኛናት። ነፍሰ ጡሯን ባሏ ተሸክሞ አወጣት። ከዚያ መኪና ያለው ጎረቤት ተለምኖ ሁለቱን ጤና ተቋም አደረስን። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ልጅቷ ጎሕ ሲቀድ ሙሉ በሙሉ ነቃች። የዚያች እናት ሕፃን በኅዳር በሰላም ተወለደ፤ እስኪወለድ ግን ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረንም። በማኅፀን ያለ ሕፃን ከእናቱም ይልቅ በዚህ መርዝ እንደሚጎዳ ባለሙያዎቹ ነግረውን ነበርና።

የሚያፍነው ምንድን ነው?

ያን ሌሊት «ጭሱ የታለ? ከሰሉ እኮ ቀልቷል» ብለን ጠይቀን ነበር። ብዙዎቻችን አደጋው ጭሱ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለናል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ገዳይ አየር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ፣ አመድ ለብሶ እንኳ ይወጣል። ወደ ሳንባ ሲገባ ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል። ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቅ በቀላሉ አይለቅም። ሰውዬው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ይጠማዋል ማለት ነው።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የጉልበት መክዳት፣ መቃዠትና እንቅልፍ ናቸው። የተኛ ሰው ምልክቱን ሳያውቅ ከእንቅልፍ ወደ ሞት ያልፋል። አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ፦ በአንድ ቤት ያሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት እሳቱን ጠርጥሩ።

በእኛ ቤት አሁን ያለው ሥርዓት ይህ ነው። ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው። ቡና የምናፈላው በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ነው፤ ከተቻለ በረንዳ ላይ። ቡናው እንዳለቀ ምድጃው ይወጣል እንጂ ማሞቂያ ሆኖ አይቀርም። ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አያድርም፤ «መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርገነዋል» ማለትም አይሠራም። ድሮ ፍሙ ላይ ጨው ጣል እናደርግ ነበር፤ አጠገቡም ውሃ በሳህን እናስቀምጥ ነበር። ሁለቱም ይህን መርዝ አያስቀሩትም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የምታስነሡም እንዲሁ ቤት ውስጥ ወይም መስኮት ሥር አታድርጉት፤ ከእሱም የሚወጣው ያው ነው።

ሰው ታፍኖ ካገኛችሁት ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያዙ። በሩን ክፈቱ፤ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ እሳቱን አስወግዱ፤ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ወተት አጠጡት፣ ሎሚ አሽትቱት ሲባል ጊዜ አታጥፉ፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። የተሻለው ቢመስልም ይታይ። መንገድ ላይ ሳላችሁ ጸልዩ። ጸሎት በመኪና ውስጥም ይሰማል።

ከከሰሉ የከፋው

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለምስጋና ብቻ በበቃን ነበር። ግን አላለቀም። በማግሥቱ በሠፈሩ የተወራው «ልጅቷ ሰይጣን አለባት፣ በጴንጤዎቹ ጸሎት ጮኸባት» የሚል ሆነ። ወሬውን ያስጀመርነው እኛው ነን፤ ከአንድ ሰዓት በላይ እየጮኽን የገሠጽነው ግቢው ሁሉ እየሰማ ነበርና። አሠሪዎቿ ሰሙ። «ከልጆቻችን ጋር አታድርም» ብለው የሳምንት ደመወዟን እንኳ ሳይጨርሱላት አሰናበቷት።

ሄደን አስረዳናቸው። አላመኑንም። «እናንተው አላላችሁም እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በቀጣዩ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመን፣ እህታችን ምንም ርኩስ መንፈስ እንዳልነበረባት፣ በከሰል ታፍና እንደ ነበር፣ የተሳሳትነውም እኛ እንደሆንን ተናገርን። ስሟን ያጠፋነው በአደባባይ ስለ ነበር ይቅርታውም በአደባባይ መሆን ነበረበት። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ይህ የአገልጋይን ክብር ይነካል» ብለውን ነበር። እኛ ግን የአንዲት ድኻ ልጅ ስም ከእኛ ክብር ያነሰ እንዳይመስለን ፈራን። እማማም ዘንድ ሄደን ጉልበታቸውን ስመን አመሰገንናቸው። «እኔ ልጣላችሁ ነበር የመጣሁት፤ እሱ ግን ለሌላ ላከኝ» አሉን። ያችን ሴት ማን እንደ ላካቸው ለመናገር ሥነ መለኮት መማር አያስፈልግም።

ርኩስ መንፈስ የለም እያልን አይደለም። እንዳለ እናምናለን፤ በጌታም ስም ሰዎች ነፃ ሲወጡ አይተናል። የምንለው፣ መንፈስን መለየት ማለት ያየነውን ሁሉ መንፈስ ማለት አይደለም ነው። ራስ ምታትን ራስ ምታት ማለትም መለየት ነው።

ስለ ሰገነቱ ምን ተጻፈ?

ኮሌጅ ሳለን ዘዳግምን ስናጠና ምዕራፍ 22 ቁጥር 8ን በፍጥነት አልፈነው ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን ስናነበው ቆም አልን። እግዚአብሔር ለሕዝቡ አዲስ ቤት ስትሠሩ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ አድርጉ፣ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤታችሁ ላይ እንዳይሆን ይላቸዋል። በዚያ አገር ሰገነት ሰው የሚቀመጥበት፣ እንግዳ የሚያድርበት ቦታ ነበር። ስለ ታቦቱና ስለ መሥዋዕቱ የተናገረው ያው ጌታ ስለ ሰገነት ጠርዝ ተናገረ። መከታ አለመሥራትም ቸልተኝነት ብቻ ሳይሆን ዕዳ ተብሎ ተቆጠረ።

ዘሌዋውያን 14ንም አንብቡ። በግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ሲታይ ባለቤቱ ካህኑን ይጠራል። ካህኑም መጥቶ ግድግዳውን ይመረምራል፤ ሰባት ቀን ቤቱን ያዘጋል፤ የተበከለው ድንጋይ እንዲወጣ፣ ልስኑ እንዲፋቅ ያዝዛል። የእግዚአብሔር አገልጋይ ግድግዳ ሲፈትሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጽሐፉ ግን ይህን እንደ ውርደት አያየውም። ነህምያም ስለ ጠላት ዛቻ ጸለየ፤ ዘብም አቆመ። ሁለቱን አላጣላቸውም።

ከዚያ ወዲህ ለጉብኝት ወደ ምእመናን ቤት ስንሄድ ልማዳችንን ቀየርን። ከጸሎት በፊት «እሳቱ የት ነው የሚነደው? የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው? መድኃኒት የሚወስድ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ባለቤቴ ከእናቶች ጋር ጓዳ ትገባለች። መጀመሪያ ሰዎች ይሳቁብን ነበር፤ አሁን ራሳቸው ይጠሩናል። በየቤቱ ካየነው ጥቂቱን እናካፍላችሁ።

በረኪና በሃይላንድ። በብዙ ቤት በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ተደርጎ መሬት ላይ እናገኛለን። ሕፃን ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው ብሎ ነው የሚያነሣው። በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ፤ ከልጅ እጅ በላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ልጅ ከጠጣው አታስመልሱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል፤ ጋዙም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

የመጠጥ ውሃ። ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ አፍሉት። ሞቅ ማለቱ አይበቃም፤ መንተክተክ አለበት። በቆላ አንድ ደቂቃ ያህል ሲንተከተክ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ግን ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ ክዳን ባለውና አፉ በጠበበ ዕቃ አስቀምጡት፤ እየቀዳችሁ ጠጡ እንጂ ኩባያ ወይም እጅ አትንከሩበት። ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ ካበጀ ውሃው ንጹሕ ሆኖ ቢመጣም እዚያው ይበላሻል፤ አጥቡት።

ጨውና ክኒን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። እኛ ቤት ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ በርበሬውም እንዲሁ፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንጨምራለን፤ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። አሁን ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው እናስፈጫለን፤ ጨው የሚገባው ወጡ ሊወጣ ሲል ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምግቡ አልጣፍጥ ብሎን ነበር፤ ከዚያ ምላሳችን ለመደው።

ክኒኑን በተመለከተ ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን። «ተጸልዮልኛል፣ ድኛለሁ» ብላችሁ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። ግፊት ሳያም ይጎዳል፤ ደኅና ነኝ ማለት ለመዳን ማስረጃ አይሆንም። ጌታችን አሥሩን ለምጻሞች ምን አላቸው? በሉቃስ 17 እንደምናነበው ሄደው ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ አዘዛቸው። በዚያ ዘመን መንጻታቸውን የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና። ጌታ የፈወሰውን ምርመራ አያሳፍረውም። ከተፈወሳችሁ ሄዳችሁ ተለኩ፤ ሐኪሙ ይቁምላችሁ ካለ ለእግዚአብሔር ክብር ምስክር ይሆናል። ነቢዩ ኢሳይያስም የንጉሥ ሕዝቅያስን ፈውስ ካበሠረ በኋላ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አስደርጎለታል። ተስፋውና ጥፍጥፉ አልተጋጩም።

ጓሮ። ከምድጃ ወደ ጓሮ የሚወጣ አንድ በጎ ነገር አለና በእሱ እንጨርስ። የከሰልና የእንጨት አመድ ለጎመን መደብ ይጠቅማል፤ ግን ስስ አድርጋችሁ በትኑት፣ ሲበዛ አፈሩን ይጎዳል። አመዱ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት፤ ውስጡ የተደበቀ ፍም እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ስለሚችል በላስቲክ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት አታስቀምጡት፤ በቆርቆሮ ዕቃ ደጅ ይደር። ጎመኑን ክሽክሽ ሲወርረው ጥቂት ሳሙና በውሃ በጥብጡና ከቅጠሉ ሥር ጭምር እርጩት፤ በየጥቂት ቀኑ ድገሙት፤ ከመብላታችሁ በፊት እጠቡት። የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ አትጣሉ፤ ጥግ ላይ ከደረቅ ቅጠል ጋር ብትከምሩትና አልፎ አልፎ ብታገላብጡት ከወራት በኋላ ጥቁር አፈር ይሆንላችኋል። ሥጋና ቅባት ግን አትጨምሩበት፤ አይጥ ይጠራል።

ስለዚያች እህት

ብዙዎቻችሁ ስለ እሷ እንደምትጠይቁን እናውቃለን። ከአሠሪዎቿ ቤት ከወጣች በኋላ አራት ወር ከእኛ ጋር ኖረች። መጀመሪያ ላይ ስንጸልይ አብራን አትቀመጥም ነበር፤ ደጅ ሆና ትጠብቀን ነበር። አላስገደድናትም። እጃችን ሲጫንባት ምን እንደ ተሰማት ጠየቅናት። «እየሰማኋችሁ ነበር፤ 'ውጣ' ስትሉ እኔን የምታስወጡኝ መስሎኝ ልነሣ ሞከርኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ» አለችን። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም። አውጡኝ ስትለን የነበረችውን ልጅ እኛ ሰይጣንን ውጣ እንልባት ነበር።

በጥር አንድ ምሽት ስንጸልይ ራሷ ገብታ ተቀመጠች። ከመቀመጧ በፊት ግን መስኮቱን ከፈተችው። ዛሬ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ትዳር ይዛ በሌላ ከተማ ትኖራለች። በቤቷ የጸሎት ኅብረት አለ። ስንደውልላት «በሩ ተከፍቷል አይደል?» እንላታለን፤ እሷም ትስቃለች።

ወገኖች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ቤታችንን እንዘጋለን፣ እሳቱንም ወደ ውስጥ እናስገባለን። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃችሁ የት እንዳለ እዩ። በግቢያችሁ የሠራተኛ ክፍል ካለ፣ ዘበኛ ካለ፣ ተከራይ ካለ እነሱም በምን እየሞቁ እንደሚያድሩ ጠይቁ። ብርድ ልብስ መጨመር ከቻላችሁ ጨምሩላቸው። የሰገነቱ መከታ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ለሚገኝ ሁሉ የታዘዘ ነው።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ባለማወቃችን ያደረግነውን ይቅር በለን። በስምህ እየጮኽን ያላየነውን ሰው እንድናይ ዓይናችንን ክፈት። ቤታችንን ጠብቅ፤ እኛም የሰጠኸንን አእምሮ ተጠቅመን እንድንጠብቀው እርዳን። በሚያስፈልገን ሰዓት በራችንን የሚያንኳኳ ጎረቤት ስለ ላክህልን እናመሰግንሃለን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።